አማረኝ ያልኩት ሲጋራ

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ የነበርኩም የቀበርኩም ነኝና ላውራው። እስካሁን ያላወራሁት አፍ አጥቼ አይደለም፤ አፍስ ሞልቶኛል፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ሆዴ ግን ይኸው ሳይፈጀው ቀረ።

ድሬዳዋ ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፣ ጃንሆይም ዙፋናቸው ላይ ተደላድለው የተቀመጡበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ሁለታችንም የሸዋ ደገኞች ነን። ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት በባቡር ይዞኝ ወረደ። አዋሽን አልፈን ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ “ያመመኝ መሰለኝ” አልኩት። “አላመመሽም፣ ቆላ ገብተሽ ነው” ብሎ ሳቀብኝ።

ያከራዩን ክፍል አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። መሐሉ ላይ የዘይቱን ዛፍ አለ፣ ዙሪያውን በር በር ነው፤ ከእያንዳንዱ በር ሌላ ቋንቋ ይወጣል። የግቢው ሰው አንድ ነገር በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ አጋምሶ በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። ሳቁ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ምን እንደተባለ ግን አላውቅም። እንዲህ ያለ ሳቅ ከለቅሶ ይብሳል።

ከሁሉም የገረመኝ “አንቺ” እና “አንተ” ማለታቸው ነው። በአገራችን ደንብ ባሌን “አንቱ” ነበር የምለው። እዚህ ግን ሽማግሌውም “አንተ”፣ አሮጊቷም “አንቺ” ነው። ገና በገባን ቀን የፊት ለፊት ጎረቤታችን ባሌን “አንተ ሰውዬ፣ ሚስት አመጣህ እንዴ አቦ!” ስትለው በድንጋጤ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። እሱ ግን ሳቀ። አሁን እኔም ሳወራ “እሱ” እላለሁ፤ ድሬ አፌን አበላሽታዋለች። ፊት ለፊት ግን እስኪሞት ድረስ “አንቱ” ነው ያልኩት። “አንቱ” የሚሉትን ሰው ደግሞ “ናፈቅከኝ” አይሉትም። ነውር ነው። እናቴም አባቴን እንዲያ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

እሱ አራት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን ያርፋል። ጅቡቲ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ሁለቱን ቀን አብዛኛውን ይተኛል፤ የባቡር ሰው እንቅልፍ ዕዳው ነው። አራቱን ቀን እኔ አራት ግድግዳ አያለሁ። ሙቀቱ ያወጣኛል፣ ቋንቋው መልሶ ያስገባኛል። አንዳንድ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት ድምፄን የምሰማው ዶሮ ሳባርር ብቻ ነበር።

ድሬ በገባሁ በስድስተኛው ወር ግድም አረገዝኩ። ማስታወኩ ሊገድለኝ ደረሰ። ውሃው ይሸተኛል፣ ሳሙናው ይሸተኛል፣ የራሴ ጠጉር ሳይቀር ይሸተኛል። የማይሸተኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ የሚሰቅለው አሮጌ የሥራ ጃኬቱ። ናፍታና ሲጋራ ይሸታል። ፊቴን እሱ ውስጥ ስቀብር ሆዴ እርግት ይላል። ቀን በቀን በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያ ጃኬት ውስጥ እደበቅ ጀመር። እንደ ሞኝ አነጋግረዋለሁም፤ “ዛሬ የት ደረሱ? ምሳ በሉ?” እለዋለሁ።

አንድ ቀን የፊት ለፊት ጎረቤቴ ወተት ልትሰጠኝ ሳታንኳኳ ገባች። መጋላ ገበያ ወተት የምትሸጥ የኦሮሞ ባልቴት ናት፤ አዮ ነው የምንላት፣ እናት ማለት ነው። ፊቴ ጃኬቱ ውስጥ እንዳለ ደረሰችብኝ።

“ምን ሆነሽ ነው፣ ኢንተላኮ?” አለችኝ። ልጄ ሆይ ማለቷ ነው።

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ “ባሌ ናፈቀኝ፣ ብቻዬን መኖር አቃተኝ” ብላት ምን ትለኝ ነበር? ታቅፈኝ ነበር፣ በቃ። ግን ማን ደፍሮ! ደገኛ ነኛ፣ ኩሩ ነኛ! አፌ የመጣለትን አለ።

“የሲጋራው ሽታ አምሮኝ ነው።”

አበቃ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ አበቃ፣ እዚህ ላይም ጀመረ። እርጉዝ “አማረኝ” ካለች አገር ይንቀጠቀጣል። በእኛም በእነሱም ወግ እንዲሁ ነው፤ እምነት ቢለያይ አምሮት አይለያይም። ያማራት ከቀረባት ወይ ያስወርዳታል፣ ወይ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ስለዚህ የጠየቀችውን ማንም “ለምን?” አይላትም። አዮ ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ግቢው ወጣችና “አማራት! ሲጋራ አማራት!” ብላ በሦስት ቋንቋ አወጀችው። እኔ ውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

“አዮ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ፤ ትምባሆ በእኛ ነውር ነው” አልኳት ኋላ።

“አምሮት ነውር አያውቅም። እኔ ጋያ እየሳብኩ ዘጠኝ ወልጄያለሁ አቦ! ምን ሆንኩ?” አለችኝ። ጋያ ውሃ ያለበት የትምባሆ ቅል ነው፤ ከአጠገቧ አይለይም። ዘጠኝ መውለዷ ገረመኝ እንጂ ዘጠኙ የት እንዳሉ አልጠየቅኳትም። ግቢው ውስጥ የሚታዩት አራት ነበሩ።

ባሌ ሲመለስ አዮ ገና ከበሩ ነገረችው። ሲገባ ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ሰውዬው ዝምተኛ ነው፣ ለሚስቱ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር፤ አሁን የሚያደርገው ነገር አገኘ። ሲጋራ ለኩሶ ሰጠኝ። ስቤ ሳልኩ፣ እንባዬ መጣ። እሱ ከትከት ብሎ ሳቀ። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዷን ሲጋራ እየተቀባበልን ጨረስን። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ተጠግተን ስቀን አናውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ለዚያች ለአንድ ሰዓት ስል ሌላም መርዝ ቢሰጠኝ እጠጣ ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞ ከጅቡቲ ክብ ቆርቆሮ ሙሉ ሲጋራ ይዞልኝ መጣ። ክዳኑ ሲከፈት እስስ ይላል። “ያማረሽ አይቅርብሽ” አለኝ። ከዚያ በኋላ በየጉዞው አንድ ቆርቆሮ አያጓድልም። እሱ ሲሄድ በሩን እዘጋና እለኩሳለሁ፤ ቤቱ እሱን እሱን ይሸታል። መጀመሪያ በቀን አንድ ነበር፣ ኋላ ሦስት፣ ኋላ መቁጠሩን ተውኩት። አዋላጇ ሆዴን ዳብሳ “ትንሽ ነው” ስትል እንኳ አልደነገጥኩም። “ደግ ነው፣ ትንሽ ልጅ ለመውለድ ይቀላል” ብላ እሷው አጽናናችኝ።

ቀለለኝም። ሴት ልጅ ወለድኩ። ዘጠኝ ወሯን ሞልታ ነው የመጣችው፣ ግን ያለወሯ የመጣች ትመስል ነበር። ለቅሶዋ ከበሩ አያልፍም። ስትተነፍስ የጎኗ አጥንቶች መሐል ቆዳው ወደ ውስጥ ስርጉድ፣ ስርጉድ ይላል። ባሌ ከጉዞ ሲመለስ በአንድ መዳፉ ያዛት። “ታድጋለች” አለ ቀጥሎ። እኔም “ታድጋለች” አልኩ። አዮም “ታድጋለች” አለች።

አላደገችም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ እሷ ሁለት ወሯን እንኳ አልሞላችም። አንድ ጠዋት ጡት ጠብታ ተኛች፤ ቀትር ላይ ላነሳት ስል ትንፋሿ የለም። ቄስ እንጥራ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጠችንም። ስምም አላገኘች። አባቷ ባቡር ላይ ነበር። የቀበሯት የግቢው ወንዶች ናቸው፣ አብዛኞቹ እስላሞች፤ እንደየአቅማቸው “እግዜር ያጥናሽ” ይሉኝ ነበር፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው። እሱ በማግስቱ መጣ። ሻንጣው ውስጥ ለክርስትናዋ የገዛው ነጭ ጨርቅና የእኔ ቆርቆሮ ነበሩ።

ሴቶቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። “ያማረሽ የቀረብሽ ነገር ነበር?”

እኔ ሳልመልስ እሱ መለሰ፤ “ኧረ እንዴት ይቀርባታል! ያለችኝን ሁሉ አምጥቻለሁ!” እኔ መሬት መሬት አየሁ። የቀረብኝ ነገር እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ! ያማረኝ ሲጋራ አልነበረም፣ እሱ ነበር። እውነተኛውን አምሮቴን ደብቄ ሌላ ስለጠራሁ ነው ልጄ የሞተችው ብዬ አመንኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዤ ኖርኩ። ለማን ይነገራል? ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ ስለ ጾም አውርቼ ተመለስኩ። ሲጋራውንም አልተውኩ፤ እንዲያውም ባሰብኝ።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ፈራሁና ክሊኒክ ሄድኩ። አንዲት ሲስተር ነበረች፤ ወጣት፣ ቀጥ ያለች፣ ነገር የማታለሳልስ የድሬ ልጅ። ልትመረምረኝ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

“ታጨሻለሽ እንዴ?”

“አምሮኝ ነው” አልኩ።

“የምን አምሮት! ስንት ጊዜሽ ነው?”

“አራት ዓመት ሆነኝ።”

“አራት ዓመት የቆየ አምሮት አይቼ አላውቅም” አለችና ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። “ስሚኝ። አንቺ ስትስቢ እሱም ውስጥ ሆኖ ይስባል። የሚበላውም የሚተነፍሰውም ከአንቺ ደም ነው። ጭሱ ደምሽ ውስጥ ሲገባ ለልጁ የሚደርሰው አየር ያንሳል፣ ምግቡም ያንሳል። ስለዚህ ቀጭጮ ይወለዳል። አንዳንዱ ወሩን ሳይጨርስ ይመጣል። አንዳንዱ ሳንባው ሳይጠና ይቀራል። ሐኪሞቹም ይህን በደንብ ያወቁት በቅርቡ ነው፣ አንቺ ባታውቂ አይፈረድብሽም። ከዛሬ በኋላ ግን ይፈረድብሻል።”

“ትንሽ ልጅ ለመውለድ ይቀላል ይላሉ” አልኳት።

“ለመውለድ ይቀላል። ለመኖር ይከብደዋል።”

ያን ጊዜ ስለ ልጄ ነገርኳት። መጠኗን፣ ለቅሶዋን፣ ያን ስርጉድ ስርጉድ የሚለውን ጎኗን፣ ተኝታ መቅረቷን። ሲስተሯ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“በእርግጥ እሱ ነው ልልሽ አልችልም፤ ሕፃን በብዙ ነገር ይሞታል። ግን ያልሽኝ ሁሉ እሱን ይመስላል። ለዚህኛው ዛሬ ብታቆሚ ትደርሺለታለሽ። ባልሽም ቤት ውስጥ አያጭስ፤ የሱም ጭስ ላንቺ ይተርፋል።”

ስመለስ የደቻቱን ወንዝ በእግሬ ተሻገርኩ። ውሃ የለውም፤ አሸዋው እንደ ምጣድ ይፋጃል። መሐሉ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ያየኛል፣ እኔ ግን ማንንም አላይም። መጀመሪያ ሲስተሯን ተናደድኳት፤ ምን አገባት! ቀጥሎ አዮን። ከዘጠኝ አራት ብቻ ቀርተውላት “ምን ሆንኩ?” ያለችኝን! ቀጥሎ ራሴን። እሱን ግን መናደድ አቃተኝ። ያ ሰው በሕይወቱ ለእኔ ያደረገው ትልቁ ደግነት እነዚያ ቆርቆሮዎች ናቸው። በየጉዞው ከጉምሩክ ፈታሽ እየደበቀ፣ ለሚስቱና ለልጁ ብሎ ነው ያመጣቸው። ይህን ካወቀ ይሞትብኛል። ካላወቀ ደግሞ ማምጣቱን አይተውም፣ ቤት ውስጥም ያጨሳል፣ ሆዴ ውስጥ ያለውም እንደ እህቱ ይሆናል። አንዱን ሳልገድል ሌላውን የማድንበት መንገድ ጠፋኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ከዚያ በፊት ባቡር ልቀበለው ሄጄ አላውቅም። ሲያየኝ ሰው የሞተ መስሎት ፊቱ ተለወጠ።

“ምን ሆነሻል?”

“ምንም አልሆንኩ። ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሲስተሯ ሲጋራ ለፅንስ አይሆንም አለችኝ። ልጅን ያቀጭጫል፣ ትንፋሹን ያደክማል አለች። እርስዎም ቤት እንዳያጨሱ ብላለች። ከእንግዲህ አያምጡልኝ።”

ሻንጣውን ቁልቁል አየው። ቆርቆሮው እዚያ ውስጥ እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም አውቆብኛል። ሰው በግራም በቀኝም እየገፋን ያልፋል። እሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

“ያቺስ?” አለኝ።

በእናቴ በአባቴ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሱ ወጥቶ አያውቅም። መልሱን ከቤት ሳልነሳ ሰባት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

“እሷንማ እግዜር ነው የወሰዳት። ሲስተሯንም ጠይቄያት ነበር፤ የሷ ሌላ ነው፣ ከሲጋራው ጋር አይገናኝም ብላኛለች።”

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ “እግዜር ነው” አለ፣ ቀስ ብሎ። ሻንጣውን ከፈተና ቆርቆሮውን አውጥቶ ለአንድ ተሸካሚ ሰጠው። የኪሱንም ጨመረለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እያየሁት ሲጋራ አልነካም።

እኔ ግን እንደ ሱ በአንድ ቀን አልተላቀቅኩም። ከሰው ጋር እጣላለሁ፣ ዝንጅብል አኝካለሁ። ወር ሙሉ ግቢው ሸሸኝ። አዮ ብቻ ትመጣለች። ሲስተሯ ያለችኝን ስነግራት ሰማችኝና ጋያዋን ወደ ጎን አደረገችው። “የኔዎቹም አምስቱ?” አለችኝ። ለሷም ዋሸኋት፣ “የናንተ ትምባሆ ሌላ ነው” አልኳት። ውሸት ለመድኩ። እሷ ግን ጋያውን ከዚያ በኋላ በእጇ ስትይዘው አላየሁም።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ሲያለቅስ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አዮ ታቅፋው “ይሄ ጎረምሳ ነው እንጂ ሕፃን አይደለም አቦ!” አለች። ባሌ ግን አላቀፈውም፤ አልጋው ራስጌ ቆሞ የልጁን ደረት ነበር የሚያየው፣ ሲወጣና ሲወርድ። በዚያው ሰሞን ከባቡሩ ወርዶ ጥገና ክፍል እንዲያዛውሩት አመለከተ፤ ተዛወረም። የጉዞ አበሉ ቀረበት፣ ደረጃውም ዝቅ አለ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው “ደክሞኛል” አለኝ።

ይኸው እንግዲህ፣ ያማረኝ ሁሉ ተሟላ። በየምሽቱ ይመጣል፣ ከፊቴ ይቀመጣል። የሚያስቅ ነገር ግን አልቀረልንም። ሽታው እንኳ ተለወጠ፤ ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው። ስለ ልጅቷ አንስቶብኝ አያውቅም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ላወራ አፌን ስከፍት “ያቺስ?” የሚለው ድምፁ ይመጣብኛል፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። ቀድሞ ብቻዬን ነበርኩ፣ አሁን ሁለት ሆነን ብቻችንን ሆንን። ልጅ ሲያድግ፣ ጃንሆይ ሲወርዱ፣ ግቢው ሰው ሲቀያይር እንዲሁ ኖርን። አዮንም ቀበርናት።

ባሌ ሸምግሎ ሞተ። በለቅሶው በሦስተኛ ቀን አንዲት ሽበታም ሴት በከዘራ ገባች። መጀመሪያ አልለየኋትም፤ አፏን ስትከፍት ነው ያወቅኳት። ሲስተሯ ናት። ሰው ሳሳ ሲል ወደ እኔ ተጠጋች።

“ባልሽ አንድ ነገር አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ስለሞተ ልንገርሽ። አንቺ እኔ ዘንድ በመጣሽ ሰሞን እሱም መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ‘የመጀመሪያዋን ልጄን የገደላት እኔ ያመጣሁት ሲጋራ ነው?’ አለኝ። ለአንቺ ያልኩሽን አልኩት። እዚያው ወንበር ላይ ብዙ ቁጭ አለ። ሲነሳ ‘ሚስቴ እግዜር ነው የወሰዳት ብላ ተጽናንታለች። አደራሽን፣ እሷ እንዳታውቅ’ ብሎ በልጆቼ አስማለኝ።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“ነግሬያታለሁ ማለት አቃተኝ። ባልና ሚስት መሐል አልገባም ብዬ ዝም አልኩ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።”

“ተይው፣ የኛ ጥፋት ነው” አልኳት። እስከ በሩ ድረስ ሸኘኋት፤ እጇን ይዤ ደረጃውን አወረድኳት።

ሦስት አሥርት ዓመት ያህል እኔ እሱ እንዳያውቅ፣ እሱ እኔ እንዳላውቅ፣ አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን ያንኑ አንድ ሬሳ ለየብቻችን ተሸከምነው። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት አብረን አልቅሰን ይወጣልን ነበር። ከባቡሩ የወረደውም ደክሞት አልነበረም።

ለቃሾቹ ሲበተኑ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጃኬቱ ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። ከፊቱ ቆምኩና ድምፄን አውጥቼ “አማረኝ” አልኩ።

ምን አማረሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም።